ሽንኩርቱን የት እናቆየው?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ባሕር ዳር ነው። አባቴ ፎገራ ላይ በመስኖ ሽንኩርት ያመርታል። መጋቢት ላይ ሁሉም አንዴ ያወጣና ዋጋው አፈር ይበላል፤ ደላላው በቆረጠው ይሸጣል። መተማ ያለው አጎቴ ግን ሰሊጡን መጋዘን አስገብቶ ደረሰኝ ይዞ ይወጣል። የእኛ ጥፋት ምንድን ነው? እስከ ክረምት ማቆየትስ ይቻላል?

መልስ፦ እህቴ፣ ጥፋቱ የአባትሽ አይደለም። ሰሊጥ ዶላር ያመጣል። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ለበቆሎና ለስንዴም ታስቦ ነበር። በኋላ ግን ቡናና ሰሊጥ ዋናዎቹ ሆኑ፤ መጋዘኑም እነሱን ተከትሎ ሄደ። እርግጥ ሰሊጥ ደረቅ ነው፤ ደረጃ ወጥቶለት ዝም ብሎ ይቀመጣል። ሽንኩርት ውሃ ነው፣ ይተነፍሳል፣ ይበቅላል። ይህ ግን ሰበብ አይሆንም። ፎገራ ውሃው አለ፤ የጎንደር አስፋልትም ሜዳውን አቋርጦ ያልፋል። የጠፋው ነፋስ የሚያስገባ ዳስ ነው፤ እሱን ለመሥራት ደግሞ ዶላር አያስፈልግም።

እስከ ክረምት ግን አልመክርም። በደንብ ከተያዘ አንድ ሁለት ወር ይበቃችኋል። የመጋቢቱ ምርት ለፋሲካ ከደረሰ ትልቅ ነገር ነው፤ ያለ ሽንኩርት ዶሮ ወጥ የለማ!

ሥራው ከማሳ ይጀምራል። መጨረሻ ላይ ዩሪያ የጠጣ ሽንኩርት ይወፍራል እንጂ አይቆይም። ከመንቀላቸው ሁለት ሳምንት ገደማ በፊት ውሃውን ያቁሙ። ቅጠሉ ተኝቶ ሲጠወልግ ይንቀሉና ጥላ ሥር ያድርቁት። አንገቱ በጣት ሲጫኑት እርጥበት ከተሰማ ገና ነው። ሲደርቅ አንገቱን ሁለት ጣት ያህል አስቀርተው ይቁረጡ፤ ጠጋ ብሎ የተቆረጠ በቁስሉ ይበሰብሳል። የተላጠውን፣ የተጋጋጠውንና አንገተ ወፍራሙን እዚያው ይሽጡት።

ዳሱ ከመሬት ከፍ ያለ የቀርከሃ ቆጥ ይሁን፤ ክዳኑ ሣር ቢሆን ይሻላል፤ ቆርቆሮ ያፍናል። ክምሩ ከጉልበት አይብለጥ። በማዳበሪያ ጆንያ አፍኖ መደርደር ግን አይሞከርም! በየሳምንቱ አገላብጠው የሸተተውን ያውጡ።

ለመጀመሪያ ዓመት ከምርቱ ሩብ ያህሉን ብቻ ያቆዩ፤ ቆጡንም ከጎረቤት ጋር ቢሠሩት ወጪው ይቀላል። የጠበቁት ዋጋ ባይመጣም ሰኔ ሳይገባ ይሽጡት።