የጊታር አምፕ ስፒከር ልቀይር ነው፤ የትኛውን ልግዛ? (ጥያቄና መልስ)

የአምፕ (የጊታር ድምፅ ማጉያ) ስፒከር መቀየር የሚፈልግ ሰው የመጀመሪያ ጥያቄው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ስንት ዋት ልግዛ?» ጥያቄያችሁን ላኩ ስላችሁም አብዛኛው የመጣው ይኸው ነው። እኔ ግን ዋትን መጨረሻ ላይ ነው የማየው። መጀመሪያ ኦም (ስፒከሩ ኤሌክትሪኩን ምን ያህል እንደሚቋቋም)፣ ቀጥሎ ዴሲቤል (የጩኸት መለኪያ)፣ ከዚያ ዋት (የኃይል መለኪያ)። ረዘም ያሉትን ጥያቄዎች አሳጥሬያቸዋለሁ፤ ይቅርታ።

ከሐዋሳ፦ ጋሼ፣ ቸርች ውስጥ ጊታር እጫወታለሁ። የአምፓችን ስፒከር ተቃጠለ። አምፑ ባለ ቲዩብ (አምፖል በሚመስሉ የመስታወት ቱቦዎች የሚሠራ)፣ 40 ዋት ነው፤ ስፒከሩ አንድ ባለ 12 ኢንች። ከድሮው ሳውንድ ሲስተም የወጣ 300 ዋት ስፒከር ስላለን እሱን ብንገጥምበት ድምፁ አይጨምርም?

አይጨምርም። እንዲያውም ሊቀንስ ይችላል።

ስፒከር ላይ የተጻፈው ዋት የሚችለው ሸክም ነው። 300 ኩንታል የሚችል መኪና ላይ 40 ኩንታል ብትጭን ጭነቱ ያው 40 ነው። ኃይሉን የሚሰጠው አምፑ ነው፤ የእናንተ አምፕ ደግሞ 40 ዋት ነው ያለው።

ጩኸቱን የሚለየው ሴንሲቲቪቲ የሚባለው ቁጥር ነው። ስፒከሩ 1 ዋት ተሰጥቶት በ1 ሜትር ርቀት ላይ ስንት ዴሲቤል ያወጣል ማለት ነው። ምሳሌ ልስጥህ። የእንግሊዙ ሴሌስሽን «ብሉ» የሚለው ስፒከር 15 ዋት ብቻ ነው የሚችለው፤ ግን 100 ዴሲቤል ያወጣል። የዚያው ፋብሪካ ጂ12ቲ-75 ደግሞ 75 ዋት ይችላል፤ የሚያወጣው ግን 97 ነው። ሁለቱን በአንድ ትንሽ አምፕ ብታጫውታቸው ባለ 15 ዋቱ ይበልጣል። 3 ዴሲቤል ትንሽ እንዳይመስልህ፤ የአምፑን ዋት እጥፍ ከማድረግ እኩል ነው።

ሌላም ችግር አለ። የጊታር ስፒከር ከ5 ሺህ ኸርዝ በላይ ያለውን በጣም ቀጭን ድምፅ ቶሎ ይጥለዋል። ሲሰሙት ጉድለት ይመስላል። ግን ዲስቶርሽን (የጊታሩን ድምፅ ሆን ብሎ የሚያሻክረውን) ስትከፍት የሚመጣውን የንብ ጩኸት የሚበላው እሱ ነው። የሳውንድ ሲስተም ስፒከር ለሰው ድምፅም ለኪቦርድም የተሠራ ነው፤ የራሱን ቅመም አይጨምርም። ንጹሕ ጊታር ላይ ደረቅ ይላል፤ ዲስቶርሽን ላይ ወይ ይታፈናል ወይ ጆሮ ይበሳል።

ስለዚህ የጊታር ስፒከር ግዙ። ባለ ቲዩብ አምፕ እስከ ጥግ ሲከፈት ከተጻፈበት ዋት በላይ ስለሚሰጥ፣ ለ40 ዋት አምፕ 60 እና ከዚያ በላይ የሚችል ይሁን። የሴሌስሽን ቪንቴጅ 30 አንዱ አማራጭ ነው። ስሙ አያሳስትህ፤ የሚችለው 60 ዋት ነው።

ከአዳማ፦ የኔ አምፕ ትራንዚስተር ነው፤ ቲዩብ የለውም። ጀርባው ላይ ቢያንስ 8 ኦም ይላል። በቅናሽ ያገኘሁት ስፒከር 4 ኦም ነው። ችግር አለው?

አለው። ተወው።

ትራንዚስተር አምፕ ከተጻፈበት በታች ኦም ሲሰጠው ከአቅሙ በላይ ከረንት ይስባል። ሁለት ሦስት ዘፈን ይጫወትልህና ትገረማለህ። ከዚያ ይግላል፣ ከዚያ አንድ ቀን መሀል መድረክ ላይ ዝም። ወደ ላይ ግን ችግር የለውም፦ 16 ኦም ብታስገባበት አምፑ አይጎዳም፤ ኃይሉ ግን በግማሽ ገደማ ይቀንሳል።

ባለ ቲዩብ አምፕ ላይ ደግሞ ወደ ላይም ወደ ታችም አትጫወት። 8 የሚለው ቀዳዳ ላይ 8፣ 16 የሚለው ላይ 16። ከሁሉ የሚከፋው ስፒከር ሳይሰካ መክፈት ነው። እኔ ልጅ ሆኜ አንድ የተዋስኩትን አምፕ፣ ሽቦው መውለቁን ሳላይ፣ «ለምን አይጮህም?» እያልኩ ቮልዩሙን ስጨምር የአውትፑት ትራንስፎርመሩን (ኃይሉን ከቲዩቦቹ ወደ ስፒከሩ የሚያሻግረውን) ጠበስኩት። የባለቤቱን ፊት እስከ ዛሬ አልረሳውም።

ከአዲስ አበባ፦ ሁለት ስፒከር ሲሆንስ ኦሙ እንዴት ይደመራል?

እንደ አገጣጠሙ ነው። ሁለት ባለ 8 ኦም በተርታ (ሲሪስ) ከተያያዙ 16 ይሆናሉ። ጎን ለጎን (ፓራለል) ከሆነ 4። አራት ባለ 8 ኦም ሁለት ሁለት ሆነው በድብልቅ ሲያያዙ ተመልሰው 8። የድሮውን ከመንቀልህ በፊት በስልክህ ፎቶ አንሳው። ቀላል ምክር ነው፤ ግን ሽቦ ይዘው ግራ የተጋቡ ስንቱን አይቻለሁ።

ፕላስና ማይነሱ ከጠፋብህ 1.5 ቮልት የባትሪ ድንጋይ ለቅጽበት ንካበት። ኮኑ (ፊት ለፊት የሚርገበገበው ወረቀት) ወደ ውጭ ከወጣ የድንጋዩ ፕላስ የነካው ጫፍ ፕላስ ነው። አንዱ ሲወጣ ሌላው ከገባ ሁለቱ እርስ በርስ ይጠፋፋሉ፤ ቤዙ ይጠፋል።

ከጎንደር፦ ስፒከሩ መበላሸቱን በምን አውቃለሁ? ምናልባት አምፑ ቢሆንስ?

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ብዙ ሰው ይህን ሳይጠይቅ ነው የሚገዛው። አምፑን አጥፍተህ ከሶኬት ንቀል። ባለ ቲዩብ ከሆነ ውስጡን አትነካካ፤ ከተነቀለ በኋላም ካፓሲተሮቹ (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት) ውስጥ የሚገድል ቮልቴጅ ይቆያል። የስፒከሩን ሽቦ ብቻ አውጣና በቴስተር ለካው። ባለ 8 ኦም ስፒከር በቴስተር ከ6 እስከ 7 አካባቢ ነው የሚያነበው፤ «ጎደለ» ብለህ አትደንግጥ። ምንም ካላነበበ ኮይሉ (ኮኑን የሚያንቀሳቅሰው የሽቦ ጥቅል) ተበጥሷል። ካነበበ ደግሞ ኮኑን በሁለት እጅህ ጣቶች ግራና ቀኝ ይዘህ በቀስታ ወደ ውስጥ ግፋው። ከከረከረ ኮይሉ ማግኔቱን እየነካ ነው። በቴስተርም በእጅም ደህና ከሆነ ስፒከሩን ለቀቅ አድርገህ ወደ አምፑ ዙር።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፦ ወንድሜ፣ በየሠርጉ ፌንደር ትዊን ሪቨርብ አምፕ ይዤ እዞራለሁ። ወገቤ አለቀ። ስፒከር ብቀይር ይቀለኛል? ወደፊት ወደ አገር ቤት ልወስደውም አስባለሁ።

ይቀልልዎታል፤ ወገብዎን እግዜር ይማርልዎት። ትዊን 29 ኪሎ ገደማ ነው፤ እጀታው ደግሞ አንድ ብቻ! የተለመደ የሴራሚክ ማግኔት ያለው ባለ 12 ኢንች ስፒከር አንዱ ከ3.5 እስከ 5 ኪሎ ይመዝናል። የኒዮዲሚየም ማግኔት ያለው ወደ 2 ኪሎ ነው። ሁለት ስለሆኑ ከ3 እስከ 6 ኪሎ ያህል ሊቀነስ ይችላል። ኒዮዲሚየም ድምፁ ቀጭን ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ አልስማማም፤ ከማግኔቱ ይልቅ ኮኑ ነው ብዙውን የሚወስነው።

ትዊን 85 ዋት ነው፤ 4 ኦም ይፈልጋል። ስለዚህ ሁለት ባለ 8 ኦም በፓራለል። እያንዳንዱ ቢያንስ 60 ዋት ይቻል። የትዊን መልኩ ንጹሕ ድምፁ ስለሆነ ድምፁ ቶሎ የሚሻክር፣ ዝቅተኛ ዋት ያለው ስፒከር አይግዙለት፤ ውበቱን ያጡታል።

ወደ አገር ቤት ሲሄድ ግን ስፒከሩ አይደለም የሚያሳስበኝ። የአሜሪካው በ120 ቮልት ነው የሚሠራው፣ የእኛ ቤት 220 ነው። በቂ ዋት ያለው ቮልቴጅ አውራጅ ትራንስፎርመር ሳይኖር እንዳይሰኩት። ዘመድ «እስቲ እንሞክረው» ብሎ እንዳይሰካውም ፕለጉ ላይ ይጻፉበት።

ከአዲስ አበባ፣ የሆቴል ባንድ ጊታሪስት፦ ያለን ሮላንድ ጄሲ-120 ነው። ድምፁ እንደ መስታወት ነው፣ ሙቀት የለውም። ቪንቴጅ 30 ልገጥምበት ነው።

አትግጠም! ከ1975 ጀምሮ ያ አምፕ የሚወደደው በዚያው መስታወትነቱ ነው። ሙቀት ከፈለግክ ፊቱ ላይ ጥሩ ኦቨርድራይቭ (ድምፁን በመጠኑ የሚያሻክር) ፔዳል አድርግበት፤ ከሁለት ስፒከር ዋጋ ያነሰ ነው። የግድ ከቀየርክ ግን ሁለቱንም ቀይር። የጄሲ ኮረስ (ድምፁን ሰፊና የሚወዛወዝ የሚያደርገው) የሚፈጠረው አንደኛው ስፒከር ያልተነካውን ድምፅ፣ ሌላው የሚወዛወዘውን ሲያወጡ፣ ሁለቱ አየር ላይ ተገናኝተው ነው። አንዱን ብቻ ብትቀይር ያ ሚዛን ይፈርሳል።

ከአዲስ አበባ፦ ኤሌክትሪክ ክራር እጫወታለሁ፣ በ40 ዋት የጊታር አምፕ። ስመታው ድምፁ በጣም ስል ነው፣ ፊት ለፊት የሚቀመጡት ያማርራሉ። ስፒከር ብቀይር ይለሰልሳል?

ይለሰልሳል፤ ግን በመጀመሪያ ብር የማያስወጣሽን ሞክሪ። የጊታር ስፒከር ቀጭኑን ድምፅ እንደ ባትሪ መብራት ወደ ፊት ብቻ ነው የሚወረውረው። አንቺ ጎን ስለምትቆሚ አይሰማሽም፤ ትሬብሉን ትጨምሪያለሽ፤ ፊት ለፊት ያለው ሰው ጆሮ ይቆረጣል። አምፑን ወንበር ላይ አውጪና ወደ ራስሽ ጆሮ አዙሪው። ከዚያ ትሬብሉን በራስሽ እጅ ትቀንሺዋለሽ።

ካልበቃሽ ላይኛው ድምፁ ለስላሳ የሆነ ስፒከር ፈልጊ። የአሜሪካው ኤሚነንስ ኮኑ ከሄምፕ (ከካናቢስ ተክል) ቃጫ የተሠራ፣ 50 ዋት፣ 102 ዴሲቤል የሆነ አለው። ስሙ «ካናቢስ ሬክስ» ነው፤ ጉምሩክ ላይ ጮክ ብለሽ አትጥሪው። ለክራር ቪንቴጅ 30ን አልመርጥም፤ የክራር ጅማት የሚጮህበት ቦታ ላይ እሱም ይጮሃል። ለቤዝ ክራር ከሆነ ግን የጊታር ስፒከር ጭራሽ አይሆንም፤ የቤዝ አምፕ ተጠቀሚ።

ከደሴ፦ የእንግሊዝ ድምፅ፣ የአሜሪካ ድምፅ የሚባለው እውነት ነው ወይስ ወሬ?

ግማሹ ወሬ፣ ግማሹ እውነት። ሴሌስሽን የእንግሊዙን የሮክ ድምፅ ከማርሻልና ከቮክስ አምፖች ጋር አብሮ አሳደገው። መሀለኛው ድምፅ ወፈር ያለ፣ ሲጮህ የሚያጉረመርም ነው። የአሜሪካው ጄንሰን ስፒከር ደግሞ በ1950ዎቹ ፌንደር አምፖች ውስጥ ነበር፤ ላይኛው ድምፅ የሚያብረቀርቅ፣ መሀሉ ቀለል ያለ። የዛሬው «አሜሪካዊ» ጄንሰን ጣሊያን ውስጥ ነው የሚሠራው። ለእኛ አገር ዘፈኖች፣ ጊታሩ ከሳክስና ከኪቦርድ ጋር ቦታ ሲሻማ፣ እኔ መሀሉ ወፈር ያለውን እወዳለሁ። የጣዕም ጉዳይ ነው።

ከሻሸመኔ፦ ሁለት የተለያየ ስፒከር ማደባለቅ ይቻላል?

ይቻላል፤ ደስም ይላል። ኦማቸው አንድ ይሁን፣ የዴሲቤላቸው ልዩነት ከ3 አይብለጥ። አለዚያ የሚሰማህ አንዱ ብቻ ነው።

ከባሕር ዳር፦ አዲስ ገዝቼ ገጠምኩ። ደረቅ ነው፣ ቆጨኝ።

አትቸኩል። አዲስ ኮን ጠንካራ ነው፤ ጥቂት ሰዓታት ደህና አድርገህ ስትጫወትበት ይላላል። ብሎኖቹንም እይ። እንደ መኪና ጎማ በሰያፍ እየተፈራረቅክ እሰራቸው፤ በካቻቪቴ እስኪጮህ ካጠበቅከው ግን ፍሬሙ ይጣመማል።

ከድሬዳዋ፦ የኔ ስፒከር ኮኑ ላይ የጣት ጥፍር የምታህል ቅዳድ አላት። ልጣለው?

ለምን? ስስ ሶፍት ቁረጥ፤ ከቅዳዱ ትንሽ ሰፋ ይበል። ነጩን የእንጨት ኮላ በትንሽ ውሃ አቅጥነህ ከፊትና ከኋላ ለጥፈው። ሱፐር ግሉ አትጠቀም፤ ደርቆ ይሰነጠቃል። ቅዳዱ ዳር ላይ፣ የሚተጣጠፈው ቦታ ላይ ከሆነ ግን ይህ አይሠራም፤ ኮኑን የሚቀይር ባለሙያ ፈልግ። ኮላው ሳይደርቅ እንዳትከፍተው፤ አንድ ሌሊት ይደር።