ለማሲንቆ ኮረስ ስንት ላይ ይሁን?

ሰሞኑን ከኮምቦልቻ አንድ ልጅ «ጋሼ፣ ለማሲንቆ ኮረሱን ስንት ላይ ላድርገው?» ብሎ ጻፈልኝ። ኮረስ ማለት አንዱን ድምፅ አብረው የሚጫወቱ ሰዎች ድምፅ የሚያስመስል የቀረጻ ኢፌክት ነው። ቁጥር ጽፌለት ልገላገል ነበር። ጣቴ እምቢ አለኝ።

በካሴቱ ዘመን ደሴ ፒያሳ አካባቢ አንዲት ጠባብ ስቱዲዮ ውስጥ እሠራ ነበር። መቅጃችን ባለአራት ትራክ፣ ማለትም አራት ድምፅ ብቻ ለየብቻ የሚይዝ ስለሆነ፣ ቦታ ለመቆጠብ ኢፌክቱን ከድምፁ ጋር አንድ ላይ ነበር የምንቀዳው። አንዴ ከገባ መንቀል የለም። አንድ ቀን ከአምባሰል በኩል አንድ ሽማግሌ ማሲንቋቸውን በጋቢ ጠቅልለው መጡ። ቁጭ እንዳሉ ከኪሳቸው ዕጣን አውጥተው የደጋኑን ጭራ ማሸት ጀመሩ። ቀስ ብለው፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ። ክፍሉ ዕጣን ዕጣን አለ። ከዚያ የአምባሰልን ቅኝት ሲያንቆረቁሩት ሁላችንም ፀጥ አልን።

የስቱዲዮው ባለቤት ግን አዲስ የኮረስ ፔዳል አስመጥቶ ስለነበር ካልሞከርኩት ሞቼ እገኛለሁ አለ። «ጨምርበት፣ ዘመናዊ ይሁን!» ማሲንቆው ብቻውን እንደሚበቃ ይታወቀኝ ነበር፣ ግን ደሞዝ ከፋዬ ነውና ዝም ብዬ ዴፕዙን፣ የውዝዋዜውን መጠን የሚወስነውን ቁልፍ፣ እስከ ጥግ አዞርኩት። መልሰን ስናሰማቸው ሽማግሌው ሄድፎኑን አውልቀው «ሌሎቹ እነማን ናቸው?» አሉኝ። «እርስዎ ነዎት አባ» ብላቸው፣ «እኔ እንኳ ብቻዬን ነው የመጣሁ» አሉና ሂሳባቸውን ተቀብለው ሄዱ። ከዓመታት በኋላ ልጃቸው ንጹሑን ቅጂ ፍለጋ መጣ። የለም። ያ የሚዋዥቀው ድምፅ ብቻ ነው የቀረላቸው። እስካሁን ይቆጨኛል።

አጠያየቃቸው ግን ልክ ነበር። የኮረስ ሥራው ይኸው ነው። ድምፅህን ይገለብጥና ቅጂውን ከ15 እስከ 30 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ያዘገየዋል፤ መዘግየቱን ደግሞ ቀስ እያለ ያሳጥረዋል፣ ያስረዝመዋል። እያጠረ ሲሄድ ቅጂው ትንሽ ይቀጥናል፣ እየረዘመ ሲሄድ ይወፍራል። ከዋናው ጋር ሲደባለቅ ሁለት ሰው አብሮ የተጫወተ ይመስላል። ቦስ እ.ኤ.አ. በ1976 የመጀመሪያውን የኮረስ ፔዳል፣ ሲኢ-1ን፣ ካወጣ ወዲህ ለጊታርና ለኪቦርድ ብዙ ውለታ ውሏል። ማሲንቆ ግን አንድ ክር ናት፣ ጣት ይንሸራተትባታል፣ ድምፁ ራሱ ይወዛወዛል። የማሽን ውዝዋዜ ሲጨመርበት ቅኝቱ ይደፈርሳል። በተለይ በአንቺሆዬ ቅኝት ላይ ተጠጋግተው የሚቀመጡ ኖታዎች ስላሉ፣ ዴፕዝ ሲበዛ አንዱ ከሌላው አይለይም።

የዛሬ ልጆች ፕሪሴት፣ ሰው አስተካክሎ ያስቀመጠውን ልክ፣ ከፍታችሁ የፕሪሴቱ ስም ደስ ካላችሁ በቃ። ጆሮ የት ሄደ? መንዙማ ሲባል አልሰማችሁም? ከበሮው ይመታል፣ ተቀባዩ ሁሉ እኩል አይገባም፣ አንዱ ይቀድማል አንዱ ይዘገያል፣ ወሎ ውስጥ ቁጭ ብሎ ያንን በፕለጊን፣ በኮምፒውተር ኢፌክት፣ ለመሥራት መልፋት ምን የሚሉት ነው! ሰዎቹን ጥራና ደጋግመህ ቅዳቸው። እንዲህ እላለሁ እንጂ፣ በቀደም አንድ የደሴ ልጅ ማሲንቆ ላይ ኮረስ ነካ አድርጎ አሰማኝ፤ ወላሂ ደስ ይላል።

ስለዚህ አብሽር፣ ሞክረው። ሬቱን (የውዝዋዜውን ፍጥነት) ከ1 ሄርዝ በታች፣ ዴፕዙን ዝቅ፣ ሚክሱን (ከዋናው ጋር የሚደባለቀውን የኮረስ መጠን) 15 በመቶ ገደማ። መዘግየቱ ከ40 ሚሊ ሰከንድ በላይ ከሄደ እንደ ገደል ማሚቶ መመለስ ይጀምራል። ከኮረሱ ቅጂ ላይ ከ200 ሄርዝ በታች ያለውን ቁረጠው፣ ወፍራሙ ድምፅ እንዳይንገዳገድ። ደረቁ ትራክ፣ ኢፌክት ያልገባበት ቅጂ፣ ሳይነካ ለብቻው ይቀመጥ፤ እናንተ እንደኛ ትራክ አያጥራችሁም። ከጨረስክ በኋላ ሞኖ አድርገህ፣ ግራና ቀኙን አንድ ላይ ደምረህ፣ ስማው፣ ምክንያቱም አድማጭህ በስልክ ስፒከር ነው የሚሰማህ፣ በጣም የተዘረጋ ስቴሪዮ ኮረስ ደግሞ ግራና ቀኙ ሲደመር እርስ በርሱ ይጣፋና ድምፁ ይሳሳል። እንዲያ ከሆነብህ ኮረሱን አጥፋና ማይኩን ትንሽ ወደ ጎን አዙረህ እንደገና ቅዳ።