«ትንሽ ብትቀምሺ ምን ትሆኛለሽ?»

ጥያቄ፦ ለአምዱ አዘጋጅ፣ እንደምን ሰነበቱ? ለዓመታት ሆዴን ሲነፋኝ፣ ደሜ ሲያንስና ሲደክመኝ ቆይቶ በመጨረሻ ሐኪሞች ሴሊያክ እንዳለብኝ ነገሩኝ። ስንዴና ገብስ በአፍሽ እንዳይዞር ተባልኩ። የበሽታዬ ስም በመታወቁ መጀመሪያ እፎይ ብዬ ነበር። አሁን ግን ሁለት ዓይነት ምግብ ማብሰል ታክቶኛል። አብራን የምትኖረው እናቴ ዳቦ ስትጋግር ሽታው ሲመጣብኝ ጓዳ ገብቼ አለቅሳለሁ። በዳቦ ያለቀሰ ትልቅ ሰው አይተው ያውቃሉ? በቅርቡ ሰርግ ላይ ዘመዶቼ «ትንሽ ብትቀምሺ ምን ትሆኛለሽ?» እያሉ ሲያስጨንቁኝ ሰልችቶኝ ቀመስኩ። ምንም አልሆንኩም። ባለቤቴም «ይኸው፣ ያን ያህል አይደለም ማለት ነው» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ግብዣ ሲጠሩኝ አሞኛል እያልኩ እቀራለሁ። ምን ይሻለኛል?

ግራ የገባኝ የልጆች እናት

መልስ፦ እኅቴ፣ በዳቦ ያለቀሰ ትልቅ ሰው አይቻለሁ፤ በመስታወት ውስጥ። እኔም ሴሊያክ ያለብኝ ሴት ነኝ፤ ያኔ ልጆቼ ደርሰው ነበርና የማለቅሰው በር ዘግቼ ነው። ስለዚህ አልስቅብሽም። ዕድሜሽን ሙሉ ስትበዪው የኖርሽው ነገር ድንገት ሲከለከል ማዘን ያለ ነው። «ደግሞ ለዳቦ!» የሚልሽን ሰው አንድ ወር ብቻ እንደ አንቺ እንዲበላ ጋብዢው።

ከባለቤትሽ ልጀምር፤ ነገሩን ያከበደብሽ የእሱ አነጋገር ይመስለኛልና። ሴሊያክ ምግብ አለመስማማት ብቻ አይደለም። ግሉተን በስንዴ፣ በገብስና ራይ በሚባለው የስንዴ ዘመድ ውስጥ ያለ ፕሮቲን ነው። እኛ ስንበላው የሰውነታችን መከላከያ ተሳስቶ የራሳችንን ትንሹን አንጀት ያጠቃል። የአንጀቱ የውስጥ ግድግዳ እንደ ፎጣ ጸጉራም ነው፤ ምግብ የሚመጠጠው በእነዚያ ጥቃቅን ጸጉሮች በኩል ነው። እነሱ ሲረግፉ ብረቱም ካልሲየሙም ሳይመጠጥ ያልፋል። የደም ማነስሽም ከዚህ የመጣ ሊሆን ይችላል። ጉዳቱ ያለ ምንም ሕመም ሊደርስ ይችላል፤ ሰርጉ ላይ ቀምሰሽ ምንም ስላልተሰማሽ አንጀትሽ አልተነካም ማለት አይደለም።

ባለቤትሽ ቁጥር የሚወድ ሰው ከሆነ ይህን አንብቢለት። አንድ ቁራጭ የስንዴ ዳቦ በግምት 2 ግራም፣ ማለትም 2,000 ሚሊግራም ግሉተን አለው። በጥናት እንደታየው በቀን 50 ሚሊግራም፣ ለሦስት ወር ያህል ሲወሰድ፣ አንጀትን ይጎዳል። ይህ የዚያ ቁራጭ አርባኛው እጅ ነው። ዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ ኮዴክስ ደግሞ «ከግሉተን ነጻ» ለሚባል ምግብ የሚፈቅደው በኪሎ ከ20 ሚሊግራም ያልበለጠ ነው። እንግዲህ የሰርጉ «ትንሽ» ስንት እንደሆነች ራሱ ያስላት።

«የዘመኑ ፋሽን ነው» የሚሉም አይጠፉም። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሊያበቃ ሲል፣ በ1944 እና 1945 እ.ኤ.አ. መካከል በነበረው ክረምት፣ ኔዘርላንድ ውስጥ ረሃብ ገብቶ ዳቦ ጠፋ። ቪለም ካሬል ዲከ የሚባል የሕፃናት ሐኪም ነበር፤ ከጦርነቱ በፊትም ስንዴን ይጠረጥር ነበር። በሴሊያክ ሲማቅቁ የነበሩ ሕፃናት በዚያ ክፉ ጊዜ ተሻላቸው፤ ዳቦው ሲመለስ ደግሞ ሕመማቸው አብሮ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ባካሄዳቸው ጥናቶች ጥፋተኛው ስንዴ መሆኑን አሳየ። ዛሬ በዓለም ላይ ከመቶ ሰው አንዱ ገደማ ሴሊያክ እንዳለበት ይገመታል። ብቸኛ አይደለሽም፤ ብዙዎቹ ግን ገና ስሙን አያውቁትም።

አሁን ወደ ማእድ ቤትሽ። ሁለት ዓይነት ማብሰሉን ተዪው፤ የሚያደክምሽ እሱ ነው። የጋራ ድስቱ ለሁላችሁም ከግሉተን ነጻ ይሁን፤ ዳቦ የሚፈልግ ዳቦውን ለብቻው ከጎን ይብላ። ሩዝ፣ ድንች፣ በቆሎ፣ ማሽላ፣ ጤፍ፣ ጥራጥሬ፣ ሥጋ፣ እንቁላል፣ አትክልት በተፈጥሯቸው ግሉተን የለባቸውም። ሾርባ ማወፈር ስትፈልጊ በስንዴ ዱቄት ፋንታ የበቆሎ ስታርች ጨምሪ። ባልና ልጆች ልዩነቱን የሚያውቁት ስትነግሪያቸው ነው፤ እኔ ለረጅም ጊዜ አልነገርኳቸውም።

ዕቃውን ሁሉ አውጥተሽ አትጣይ። ብረትና ብርጭቆ በሳሙናና በውኃ በደንብ ከታጠበ ይበቃዋል። የራስሽ ይኑርሽ የምልሽ መጥረግ የሚያስቸግሩትን ነው፦ የእንጨት ማማሰያና መክተፊያ፣ የፓስታ ማጥለያ፣ የዱቄት ወንፊት፣ ዳቦ መጥበሻ ማሽን። ቅቤና ማርማላታም የራስሽ ዕቃ ይኑራቸው፤ የዳቦ ፍርፋሪ የያዘ ቢላዋ ተመልሶ ይገባባቸዋልና። «እሳት ያነጻዋል» የሚሉሽን አትስሚ፤ ግሉተን ጀርም አይደለም፣ በሙቀት አይሞትም። በዱቄት የተለወሰ ነገር በተጠበሰበት ዘይት ድንች ብትጠብሺ ድንቹም ያንቺ መሆኑ ይቀራል።

ስለ ግዢ ብዙ አልልም፤ በማሸጊያው ላይ ያለውን ማንበብ በሁለት ሦስት ሳምንት ይለመዳል። የሚያታልሉትን ብቻ ልንገርሽ። ብቅል በአብዛኛው ከገብስ ነው። ሶይ ሶስ ብዙ ጊዜ ስንዴ አለው፤ የታሸገ ሾርባና ቋሊማም እንደዚሁ ሊኖራቸው ይችላል። «ስንዴ የለበትም» የሚል ጽሑፍ ገብስ የለበትም ማለት አይደለም። አጃ ራሱ ለብዙዎቻችን ባይጎዳም ከስንዴ ጋር የመቀላቀል ዕድሉ ሰፊ ነው፤ ስለዚህ ከግሉተን ነጻ ተብሎ የታሸገውን፣ እሱንም ሐኪምሽን አማክረሽ። የበቆሎም ሆነ የጤፍ ዱቄት ስንዴ በተፈጨበት ወፍጮ ከተፈጨ ንጹሕ አይደለም። ደግሞ «ከግሉተን ነጻ» የተባለ ብስኩት ሁሉ ጤናማ አይምሰልሽ፤ ብዙው ስኳርና ስብ ነው።

እናትሽ ጋ ስመጣ ትንሽ ልቆይ። ዱቄት ይበናል፤ ስትጋግር ያንቺ ድስት ይከደን፣ ስትጨርስ ጠረጴዛው በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ። ይህ ቀላሉ ነው። ከባዱ ልጇ ከእጇ አልበላም ማለቷ ነው። እናቶች ክልከላ አይወዱም፣ ሥራ ግን ይወዳሉ። ስለዚህ «ይህን አታድርጊ» ማለቱን ቀንሺና በሩዝና በበቆሎ ዱቄት አንድ ዳቦ እንድትለማመድልሽ ጠይቂያት። ግሉተን ሊጡን የሚያያይዘው ነገር ስለሆነ መጀመሪያ ላይ ይፈረፈርባታል፤ እንቁላል ወይም የተፈጨ ተልባ በውኃ ለውሳ ብትጨምር ይይዝላታል። ትበሳጫለች፣ ደግማ ትሞክራለች። ከዚያ በኋላ «ትንሽ ቅመሺ» የሚልሽን ሰው ከሁሉ ቀድማ የምትገሥጸው እሷ ትሆናለች።

ግብዣውን ግን አትቅሪ። አሞኛል የሚለው ውሸት ካንቺ ብዙ ይወስዳል፤ ሰዎቹም ቀስ በቀስ መጥራት ይተዋሉ። ጋባዧን ሁለት ቀን ቀድመሽ ደውዪላት፦ «ስንዴና ገብስ ሐኪም ከልክሎኛል፤ የኔን ይዤ እመጣለሁ፣ እንዳትጨነቂ።» ይኸው ነው። ይቅርታ አትጨምሪበት፣ የአንጀትሽንም ታሪክ አትተርኪ። ጠግበሽ ሂጂ፣ ሳህንሽን ይዘሽ ሂጂ፣ ስትቀመጪ ወሬውን ጀምሪ። ሰው ሳህንሽን የሚያየው ለአምስት ደቂቃ ነው። አጥብቀው ቢለምኑሽ ያንኑ ዓረፍተ ነገር በዚያው ድምፅ ድገሚው። አዲስ ማስረጃ ካመጣሽ ክርክር ይሆናል፣ ሰርግ ቤት ደግሞ ተከራክሮ ያሸነፈ ሰው አላየሁም።

ሳታውቂ የበላሽ ቀን የሚሽረው መድኃኒት የለም። ውኃ ጠጪ፣ ዕረፊ፣ በሚቀጥለው ማእድ ወደ መንገድሽ ተመለሺ። «አንዴ ተበላሽቷል» ብሎ ሳምንቱን መልቀቅ ነው የሚጎዳሽ።

ስለ ሐዘኑ አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። የብረትና የቢ12 እጥረት ራሱ ሰውን ያደክማል፣ ስሜቱንም ያወርዳል። ስለዚህ ሐኪምሽን የብረት፣ የፎሌት፣ የቢ12 እና የቫይታሚን ዲ ምርመራ፣ እንዲሁም የአጥንት ጥንካሬሽን ነገር ጠይቂ። ወተት የሚነፋሽ ከሆነም ንገሪው፤ አንጀቱ እስኪያገግም ድረስ ብቻ የሚቆይ ሊሆን ይችላል። በአዋቂ ሰው ማገገሙ ዓመትና ከዚያም በላይ ሊወስድ ስለሚችል በሁለት ወር ተስፋ አትቁረጪ። እንቅልፍ ከከለከለሽ፣ ልጆችሽም ሥራሽም ካስጠሉሽና ሳምንታት ካለፉ ግን ከዳቦ ለቅሶ ያለፈ ነውና ያንንም በግልጽ ተናገሪ። ድብርት ሴሊያክ ባለብን ሰዎች ዘንድ ከሌላው ሰው በዝቶ ይታያል፤ ሕክምናም አለው።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ወንድሜ ሴሊያክ አለበት። እኔንም ሆዴን ስለሚነፋኝ በራሴ ዳቦና ፓስታ ትቼ ተሻለኝ። ከተሻለኝ ምርመራው ምን ያደርግልኛል?

የወንድሙ ታናሽ

መልስ፦ ተመርመር። ወላጅ፣ ልጅ፣ ወንድም ወይም እኅት ሴሊያክ ካለበት ያንተም ዕድል ከአሥር አንድ ገደማ ነው። ችግሩ የደም ምርመራው የሚፈልገው ሰውነት በግሉተን ላይ የሚያመርተውን ፀረ አካል መሆኑ ነው፤ ግሉተን ስትተው እሱም ይቀንስና ውጤቱ በሐሰት «ነጻ ነህ» ሊልህ ይችላል። በራስህ ውሳኔ መብላት አትጀምር፤ ለምን ያህል ጊዜና ምን ያህል በልተህ እንደምትመረመር ሐኪሙ ይወስንልህ። መብላቱ በጣም የሚያሳምምህ ከሆነ የዘር ምርመራ እንዳለ ጠይቀው፤ የዚያ ውጤት በምግብ አይለወጥም፣ ዲኪው2 እና ዲኪው8 የሚባሉት ዘረ መሎች ከሌሉብህም ሴሊያክ የመሆኑ ነገር በጣም የራቀ ነው። ስንዴ ከግሉተን ሌላ ሆድ የሚነፋ ካርቦሃይድሬትም ስላለው የተሻለህ በዚያ ምክንያት ሊሆን ይችላል፤ እንደዚያ ከሆነ እንደ ወንድምህ ፍርፋሪ እያሳደድክ መኖር አይጠበቅብህም።