ከልጆች ጋር የተደበቀ ሣጥን ፍለጋ

እህቴ፣ የስምንትና የአሥራ አንድ ዓመት ልጆችሽ ቅዳሜና እሑድ ከስልክ አልነሣ እንዳሉሽ ጽፈሽ፣ ጂኦካቺንግ ለቤተሰብ ይሆናል ወይ፣ በጉዞስ ላይ ይመቻል ወይ ብለሽ ጠይቀሻል። እኛ እዚህ ሲያትል ከጀመርን አራተኛ ዓመታችን ነው። ይሆናል፤ እንዲያውም ከሞከርናቸው ነገሮች ሁሉ ልጆቼን ሳይጎተቱ ከቤት ያወጣቸው እርሱ ብቻ ነው።

ነገሩ ድብብቆሽ ነው፤ የሚደበቀው ግን ሰው ሳይሆን ዕቃ ነው። አንዱ ውሃ የማያስገባ ሣጥን ደብቆ ቦታውን በጂፒኤስ፣ ማለትም በሳተላይት ቦታን በሚያሳውቀው ሥርዓት፣ ያስመዘግባል። ሌላው በስልክ መተግበሪያ እየተመራ ይፈልጋል፤ ሲያገኝም ውስጥ ባለችው ወረቀት ስሙንና ቀኑን ጽፎ እዚያው ይመልሰዋል። ለጀማሪ ነጻው መተግበሪያ ይበቃል፤ ለመክፈል አትቸኩዪ።

ለእያንዳንዱ ሣጥን የፍለጋው ክብደትና የመንገዱ አስቸጋሪነት ከ1 እስከ 5 ደረጃ ይሰጠዋል። እኔ ይህን ሳላይ ለቤታችን የቀረበውን መረጥሁ፤ የፍለጋው ደረጃ 4 ነበር። ዝናብ ላይ አንድ ሰዓት ዞረን፣ ትንሿ ልጄ እያለቀሰች ባዶ እጃችንን ተመለስን። በሳምንቱ ደረጃው 1 ተኩል የሆነ፣ መጠኑም ተለቅ ያለ መርጠን ወጣን። ዛፍ በበዛበት ስልክ ጥቂት ሜትሮች ይስታል፤ ስለዚህ አሥር እርምጃ ያህል ሲቀር ስልኩን ኪስ መክተትና በዓይን መፈለግ ነው። ልጄ ከወደቀ ግንድ ሥር ጎን ለጎን የተደረደሩ ቅርፊቶች አየችና «አባዬ፣ ዛፍ እንዲህ አድርጎ አይጥልም» አለች። ስታነሣቸው አረንጓዴ የብረት ሣጥን ብቅ አለ። የፕላስቲክ እንቁራሪት ወስዳ በምትኩ የእጇን የዶቃ አምባር ተወች። እንቁራሪቷ ዛሬም መስኮቷ ላይ ናት።

ደንቡ ይኸው ነው፤ የወሰደ በዋጋ የሚመጥነውን ይተካል። ምግብ ግን ፈጽሞ አይቀመጥም፤ አውሬ ይስባል። እስክሪብቶ እርጥብ ወረቀት ላይ አይጽፍምና እርሳስ ያዢ። ቁጥቋጦ ውስጥ ስትበረብሩ ሰው ቆሞ ቢያያችሁ አትደንግጪ፤ እኔ የምንሠራውን በግልጽ እነግረዋለሁ፤ አንድ ሽማግሌ እንዲያውም አብረውን ፈልገዋል።

ስለ ጉዞ ላነሣሽው፣ ባለፈው በጋ ወደ ኦሪገን ስንሄድ ሁሉ የተጀመረበትን ቦታ አየን። የአሜሪካ መንግሥት ለሕዝብ የሚደርሰውን የጂፒኤስ ምልክት ሆን ብሎ ያዛባ ስለነበር፣ ተራ ሰው ቦታን በትክክል ማግኘት ይቸግረው ነበር፤ ማዛባቱን እ.ኤ.አ. ሜይ 2 ቀን 2000 አቆመ። በማግስቱ ዴቭ ኡልመር የተባለ ሰው ቢቨርክሪክ አጠገብ አንድ ባልዲ ደብቆ ቦታውን በኢንተርኔት አሳወቀ። ባልዲው ውስጥ የባቄላ ቆርቆሮ ሳይቀር ነበረበት። ዛሬ ቦታው ላይ የመታሰቢያ ጽሑፍ አለ፤ ልጆቼ ከዚያ አልንቀሳቀስ ብለው ምሳ ሰዓት አለፈብን። ረጅም መንገድ ስትነጂ በየሁለት ሰዓቱ አንድ ሣጥን ላይ መቆም ልጆቹንም ነጂውንም ያሳርፋል። በአሜሪካ ብሔራዊ ፓርኮች ውስጥ ያለ ፓርኩ ፈቃድ ሣጥን መደበቅ የተከለከለ ስለሆነ፣ እዚያ ስለ ድንጋዩና ስለ መሬቱ አፈጣጠር ጥያቄ የሚያስመልሱትን ሣጥን አልባዎቹን ፈልጊ።

ሣጥን ውስጥ ቁጥር የተቀረጸበት የብረት መለያ የተንጠለጠለበት ዕቃ ካገኛችሁ፣ ያ መንገደኛ ነው፤ ወስደው ሌላ ሣጥን ውስጥ ያደርሱታል እንጂ አያስቀሩትም። ይህን ለልጆቹ አስቀድመሽ ንገሪያቸው። ልጄም የራሷን ልካለች፤ ትንሽዬ የጀበና ቁልፍ መያዣ ናት፤ መድረሻዋን «አዲስ አበባ» ብላ አስመዝግባለች። እስካሁን ጀርመን ደርሳለች፤ ልጄም በየማታው ካርታው ላይ ታያታለች።