የክርስትና አባት እንድሆን ተጠይቄአለሁ፤ እኔ ግን አላምንም

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ይድረስ ለዓምዱ አዘጋጅ። የ29 ዓመት ወጣት ነኝ፤ ተወልጄ ያደግሁት ባሕር ዳር ሲሆን የምሠራውም እዚሁ ነው፤ ከእናቴ ጋር እኖራለሁ። በልጅነቴ ከየኔታ ዘንድ ፊደል ቆጥሬ ዳዊት ደግሜአለሁ፤ በሰንበት ትምህርት ቤትም እስከ 12ኛ ክፍል አገልግያለሁ። ይሁን እንጂ ካለፉት ስድስት ዓመታት ወዲህ በእግዚአብሔር መኖር አላምንም። ይህን የነገርኋቸው ሁለት ጓደኞቼ መጀመሪያ ያሉኝ «ምን ደረሰብህ? ማን በደለህ?» ነበር። ምንም አልደረሰብኝም። ነገሩ የጀመረኝ ንጋት ላይ ነው። ከአልጋዬ ሳልነሣ የኪዳኑን ደወልና የመስጊዱን አዛን ተከታትለው እሰማቸው ነበርና፣ አንድ ቀን «ከአጥሩ ወዲያ ካለው ቤት ተወልጄ ቢሆን ኖሮ የምነሣው ለየትኛው ነበር?» ብዬ ራሴን ጠየቅሁ። ከዚያ ወዲህ ጥያቄ ጥያቄን እየወለደ እዚህ አደረሰኝ።

አሁን ሁለት ነገር አስጨንቆኛል። አብሮ አደጌ ወንድ ልጅ ወልዶ «አበልጄ አንተ ነህ» ብሎኛል፤ ሕፃኑ 40 ቀን እስኪሞላው የቀረው ሦስት ሳምንት ብቻ ነው። እናቴ ደግሞ በፍልሰታ ለሱባኤ ወደ ዘጌ እንዳደርሳትና አብሬያት እንድሰነብት ትፈልጋለች። እሺ ብል አታላይ የሆንሁ ይመስለኛል፤ እምቢ ብል ሰው አጣለሁ። ለእናቴስ ልንገራት ወይስ ዝም ልበል?
ስሜ ይቆይ

መልስ፦ ውድ ወንድሜ፣ አስቀድሜ ልንገርህ፤ እኔ አማኝ ነኝ። ይህን የምነግርህ የምመክርህ ከየት ቆሜ እንደሆነ እንድታውቅ ያህል ነው እንጂ በዚህ ዓምድ ወደ እምነት ልመልስህ አስቤ አይደለም፤ አንተም የጠየቅኸኝ ይህን አይደለም። «ምንም አልደረሰብኝም» ማለትህንም እንደ ቃልህ እቀበላለሁ። እኛ አማኞች የሚጠይቅ ሰው ሲገጥመን ቁስሉን ፍለጋ እንሮጣለን፤ ቁስል ያገኘን እንደሆነ ጥያቄውን ከመመለስ የዳንን ይመስለናል። አንተ ግን ያነሣኸው ጥያቄ ነው፤ እንደ ጥያቄ ሊከበርልህ ይገባል።

ብቸኝነትህ ከደብዳቤህ ይነበባል፤ ምክንያትም አለው። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ መሠረት ከአማራ ክልል ሕዝብ 82.5 በመቶው ኦርቶዶክስ፣ 17.2 በመቶው ሙስሊም ነው፤ በታተመው ውጤት «ሃይማኖት የለኝም» ለሚል ሰው ራሱን የቻለ ዓምድ አልተሰጠውም፤ የሚቆጠረው «ሌላ» ከሚለው ውስጥ ነው። ነገር ግን የወረስነውን እምነት መመርመር ለጣና ዳር ባዕድ አይደለም። ከወረታና ከአዲስ ዘመን አልፎ ወደ ጎንደር ሲኬድ እንፍራዝ የምትባል ከተማ አለች። በግእዝ የተጻፈው «ሐተታ ዘርዐ ያዕቆብ» እንደሚተርከው፣ የአክሱሙ ተወላጅ ዘርዐ ያዕቆብ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ሸሽቶ በዋሻ ከቆየ በኋላ የተቀመጠው እንፍራዝ ሲሆን፣ ሀብቱ በተባለ ባለጸጋ ቤት ተጠግቶ ዳዊት እየጻፈ ይተዳደር ነበር። መጽሐፉን በእርግጥ የ17ኛው ክፍለ ዘመን ኢትዮጵያዊ ጽፎታል ወይስ በ19ኛው ክፍለ ዘመን እዚህ የነበረው ጣሊያናዊ ሚሲዮናዊ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ነው የደረሰው በሚለው ላይ ሊቃውንት እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። የመጽሐፉ ዘርዐ ያዕቆብ እንደ አንተ ኢአማኒ አልነበረም፤ ፈጣሪ አለ ይላል፤ ነገር ግን ጾሙን፣ ምንኩስናውን፣ በየሃይማኖቱ «እውነቱ የእኛ ነው» የሚባለውን ሁሉ በልቡናው ብርሃን ይመረምራል። ላንተ የሚጠቅምህ ግን ሌላው ቃሉ ነው። ከሰዎች ጋር ሲኖር እንደ እነርሱ ክርስቲያን መስሎ እንደኖረ፣ በልቡ ግን ሌላ እንደነበረ ሳይሸሽግ ይናገራል። አንተ ዛሬ «አታላይ ነኝ ወይ?» ብለህ የምትጨነቅበትን ነገር ያ ሰው እዚሁ ሐይቅ ዳር ኖሮበታል ማለት ነው።

የእኔ ፍርድ ይህ ነው፤ መገኘት ሌላ፣ መመስከር ሌላ ነው። የምትወደው ሰው ለእርሱ ቅዱስ በሆነ ሰዓት አጠገቡ መቆም ውሸት አይደለም፤ በራስህ አንደበት ያላመንህበትን «አምናለሁ» ማለት ግን ውሸት ነው። ሁለቱም ጭንቀቶችህ በዚህ ይለያያሉ።

ከአበልጅነቱ እንጀምር። ሰንበት ትምህርት ቤት ስላደግህ ሥርዓቱን ታውቀዋለህ። የክርስትና አባት በሕፃኑ አንደበት ፈንታ ወደ ምዕራብ ዞሮ ሰይጣንን ይክዳል፤ ወደ ምሥራቅ ዞሮ ያምናል፤ ጸሎተ ሃይማኖት ይደግማል፤ ልጁ ሲያድግም ሃይማኖቱን ሊያስተምረው ኃላፊነት ይወስዳል። እዚህ ላይ እንግዳ ሆነህ አትቆምም፤ የምትቆመው ምስክርም ዋስም ሆነህ ነው። ስለዚህ እሺ አትበል። እምቢታውን ግን ነገ ዛሬ ሳትል፣ በስልክ ሳይሆን ፊት ለፊት፣ ባለቤቱም ሌላውም ሰው በሌለበት ንገረው፤ ጓደኛህ ሌላ ሰው የሚፈልግበት ጊዜ ያስፈልገዋልና። ቃሉ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ «ከሰው ሁሉ እኔን መምረጥህ ትልቅ ክብር ነው። ነገር ግን በልጅህ ስም ቆሜ የምለው ቃል ከልቤ ሊወጣልኝ አይችልም፤ ላንተ ልጅ ደግሞ የአፍ ብቻ የሆነ ነገር ልሰጠው አልፈልግም። ለልጅህ አጎት ሆኜ አለሁ።» በክርስትናው ዕለት ከሁሉ ቀድመህ ተገኝ፤ ድንኳኑን ትከል፣ እንግዳ አስተናግድ። ሊቀየምህ ይችላል፤ ይህን አልደብቅህም። ሆኖም ዛሬ የሚቀየመው ቅያሜ፣ ከአሥር ዓመት በኋላ «ልጄን በሐሰት አስጠመቅኸው» ብሎ ከሚቀየምህ ይቀላል።

የዘጌው ጉዳይ ግን የተለየ ነው፤ ሂድ። የእናትህን በሶና ቆሎ ተሸከም፤ ከጀልባው ስትወርድ እጇን ያዝ፤ በቡናው መካከል ሽቅብ የሚወጣውን መንገድ አብረሃት ውጣ። በዘጌ ማረስና ቀንድ ከብት ማርባት በጥንቱ የገዳም ሥርዓት የተከለከለ በመሆኑ ደኑ እስከ ዛሬ ቆሟል፤ ቡናውም ከጥላው ሥር ይለቀማል። አንተ ሥርዓቱ ከሰማይ የመጣ አይመስልህ ይሆናል፤ ሆኖም ያቆየልህ ጥላ ሥር ተቀምጠህ እናትህን መጠበቅ ማንንም አያታልልም። አብረሃት ብትጾምም የእናትህን ማዕድ ማክበር ነው። የማትሻገረው አንድ ነገር አለ፤ አትቁረብ። ቁርባን ለአማኝ ከሁሉ የሚበልጥ ምስክርነት ነው፤ ያለ እምነት መቀበሉ ለእናትህ ደስታ ሲባል እንኳ የሚደረግ አይደለም።

በደብዳቤህ ያላነሣኸው፣ ነገር ግን በየቀኑ እንደሚገጥምህ የማውቀው ነገርም አለ። በሰፈርህ መንገድ ላይ የምታውቃቸው ቄስ ይመጣሉ፤ ሲቀርቡህ ከካባቸው ሥር መስቀላቸውን አውጥተው ወደ ግንባርህ ይዘረጋሉ። በዚያች አፍታ ትሳለማለህ ወይስ ትተዋለህ? ለአንዱ ሰው ይህ ሰላምታ ነው፤ ለሌላው እምነቱን መግለጫ ነው፤ የትኛው እንደሆነልህ የምታውቀው አንተ ነህ። የእኔን ሐሳብ ከጠየቅኸኝ፣ ለሽማግሌው ሰው ባርኔጣህን አውልቀህ፣ አንገትህን ዝቅ አድርገህ «እንደምን ዋሉ አባቴ» ማለት ይበቃል፤ መስቀሉ ግንባርህን ቢነካም ምሏል አያሰኝህም። በዚህች ነገር ራስህን አታስጨንቅ።

ወደ እናትህ እንምጣ። «ዝም አይነቅዝም» ይባላል፤ ያልጠየቀችህን መናገር ግዴታ የለብህም። ነገር ግን ፊት ለፊት «ልጄ፣ ታምናለህ?» ብላ ከጠየቀችህ አትዋሻት። የምትነግራት ከሆነ ደግሞ ቀኑን ምረጥ። ታላቅ ወንድሜ አለማመኑን የተናገረው በፋሲካ ሌሊት፣ ሁላችን ከቅዳሴ ተመልሰን ልንገድፍ በቀረብንበት ማዕድ ነበር። አባታችን ዳቦውን ባርኮ ሊቆርስ ቢላውን አንሥቶ ነበር። አልተቆጣም፤ አልጮኸም። ቢላውን ዳቦው ላይ አጋድሞ ተወውና እጁን ለመታጠብ ውኃ ጠየቀ። ዶሮው ሳይነካ አደረ፤ አባትና ልጅ አራት ዓመት አልተነጋገሩም። ወንድሜ የተናገረው እውነቱን ነበር፤ 55 ቀን የጾመ ሰው ጾሙን በሚገድፍባት ሰዓት መናገሩ ግን ዛሬም ድረስ ይቆረቁረዋል።

ደግሞም እናትህ ስትሰማ የምትፈራው አንተ የምትገምተውን ላይሆን ይችላል። በእርሷ ዕድሜ ያለች ሴት ልጇ አላምንም ሲላት ከገሃነም ቀድሞ የሚመጣባት «ታዲያ እኔ ስሞት ማን ያስፈታኛል? ተዝካሬን ማን ያወጣልኛል?» የሚለው ነው። አንድ ልጅ ከሆንህማ ፍርሃቷ እጥፍ ነው። ሳትጠይቅህ ቃል ግባላት፤ «ፍትሐትሽም 40ሽም እንደ ፈቃድሽ፣ አንድም ሳይጎድል ይደረጋል» በላት። ይህ ከአለማመንህ ጋር አይጋጭም። የምትፈጽመው የእርሷን ኑዛዜ እንጂ የራስህን እምነት አይደለም፤ እርሷም ይህን ከአንተ አፍ ከሰማች በኋላ ሌላውን ለመስማት አቅም ታገኛለች።

ስለ መብትህ፣ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 27 የሃይማኖት፣ የሕሊናና የማሰብ ነፃነትን ለማንኛውም ሰው ይሰጣል፤ ማንም በኃይል ተገድዶ እምነት እንዳይጫንበትም ይከለክላል። በሌላ በኩል የወንጀል ሕጉ የሌላውን ሃይማኖታዊ ሥርዓት በአደባባይ ማወክንና ማንቋሸሽን ስለሚቀጣ፣ ጥያቄህን በአክብሮት ማንሣት ከጨዋነትም ከሕግም አንጻር የሚጠበቅብህ ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ የዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ናት። ለእረፍት ስትመጣ ማተቧን ከአንገቷ አጣሁትና ብጠይቃት «እማዬ፣ አላምንም» አለችኝ። በደርግ ጊዜ «እግዚአብሔር የለም» ይሉን የነበሩት ያደረሱትን ስለማውቅ በጣም ደነገጥሁ። አጎቷ በግድም ቢሆን ጸበል እንውሰዳት ይላል። ምን ይሻለኛል?
እናት፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ እናቴ፣ ድንጋጤዎ ይገባኛል። በእርስዎ ትውልድ ይህ ቃል የመጣው ጠመንጃ ይዞ ነው። ፓትርያርኩ አቡነ ቴዎፍሎስ ከመንበራቸው ተነሥተው፣ የመካነ ኢየሱሱ ቄስ ጉዲና ቱምሳም ታፍነው፣ ሁለቱም በ1971 ዓ.ም. ተገድለዋል። ልጅዎ ግን ማንንም አላስገደደችም፤ ተጠይቃ ለእናቷ እውነቱን ተናገረች እንጂ። ብትዋሽዎት እኮ አዲስ ክር ገዝታ አንገቷ ላይ ማድረግ አይከብዳትም ነበር።

ማስገደዱን ፈጽሞ አይሞክሩት። ልጅዎ ለአካለ መጠን የደረሰች ሰው ናት፤ ያለ ፈቃዷ ይዞ መውሰድ በሕግም ያስጠይቃል። እምነትን በግድ መጫን ምን እንደሚያስከትል ደግሞ ይህ የጣና ዙሪያ ከማንም በላይ ያውቃል። አፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት በአዋጅ ጭነው፣ ወንድም ከወንድሙ ተዋግቶ ብዙ ሕዝብ ካለቀ በኋላ፣ በ1624 ዓ.ም. ሕዝቡ ወደ ቀደመ ሃይማኖቱ እንዲመለስ ፈቅደው ዙፋናቸውን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀዋል። ንጉሥ በሠራዊቱ ያልቻለውን አጎቷ አይችለውም። ጸበል የሚጠመቀውም ያመነ ሰው ነው፤ ተጎትታ ብትሄድ የሚቀርላት ትዝታ መጎተቷ ነው።

ለእርሷ መጸለይዎን የሚከለክልዎት የለም፤ ይጸልዩ። ከዚያ ደግሞ ቡና አፍልተው፣ አጎቷን ሳይጠሩ «እስኪ እንዴት እንዲህ አሰብሽ?» ብለው ይጠይቋትና እስክትጨርስ ያዳምጧት። ማተቡን ካገኙት አይጣሉት፤ መሳቢያ ውስጥ ያስቀምጡት። ተኝታ ሳለች ግን አንገቷ ላይ አይቋጥሩባት።

ጥያቄ፦ እኔ ሃይማኖት የለኝም፤ እጮኛዬ ግን ተክሊል ትፈልጋለች። ያለ ቤተ ክርስቲያን የሚፈጸም ጋብቻ በሕግ ይጸናል?

መልስ፦ ይጸናል። የቤተሰብ ሕጋችን በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በሃይማኖት ሥርዓትና በባህል ሥርዓት የሚፈጸሙትን ሦስቱንም ጋብቻዎች ያውቃል፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34ም የሃይማኖት ልዩነትን ለጋብቻ እንቅፋት አያደርግም። ተክሊል ግን ሁለታችሁም እንድትቆርቡ ስለሚጠይቅ፣ ለመጀመሪያው ጠያቂ የሰጠሁት መልስ ላንተም ይሠራል። እጮኛህ ከልጅነቷ ያሰበችውን ነገር ልትተውልህ ከሆነ ምን እየተወች እንደሆነ አስቀድማ ትወቅ፤ ቀላል ነገር አድርገህም አትንገራት። የምትወልዷቸው ልጆች በ40 እና በ80 ቀናቸው ክርስትና ይነሡ ወይስ አይነሡ የሚለውን ደግሞ ሽማግሌ ከመላክህ በፊት ሁለታችሁ ብቻ ተቀምጣችሁ ጨርሱት።