ለአጥሩ ማዶው ልጅና ለጓደኞቹ

እሁድ ከቅዳሴ ስመለስ በአንድ አዳሪ ትምህርት ቤት አጥር ሥር አልፋለሁ። ቤቴ አስኮን አለፍ ብሎ፣ ከተማው አልቆ ባሕር ዛፉ በሚጀምርበት በኩል ነው። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የሚያስቸኩለኝ ስለሌለ ልጆቹ ኳስ ሲጫወቱ ቆሜ አያለሁ። በቀደም አንዱ ወደ አጥሩ ተጠጋና የተጣጠፈ መቶ ብር በሽቦው መሃል አሾለከልኝ።

«ጋሼ፣ በእናትዎ ካርድ ይግዙልኝ።»

ስልክ ክልክል መሆኑ ዋናው በር ላይ በትልቁ ተጽፏል። «ስልኩ የት አለና ነው ካርዱ?» ስለው አንገቱን ደፍቶ ሳቀ። ብሩን መለስኩለት። ይሄዳል ስል አልሄደም፤ ሥራዬ ምን እንደነበር ጠየቀኝ። ቀያሽ ነበርኩ፤ ለመንገድ ሥራ አርባ ዓመት ተራራ ለተራራ የዞርኩ። «ታዲያ እሱ ናቹራል ነው ሶሻል?» አለኝ። አስረኛ ክፍል ነው፤ ለከርሞ አስራ አንደኛ ሲገባ ከተፈጥሮ ሳይንስና (ናቹራል) ከማኅበራዊ ሳይንስ (ሶሻል) አንዱን መያዝ አለበት። አባቱ ናቹራል ብለውታል። የዶርሙ ልጆች ደግሞ ሁሉም ናቹራል ሊሞሉ ተማምለዋል። አንተስ? ብለው «እኔ እንጃ» አለ።

ለዚያ «እኔ እንጃ» እዚያው ቆሜ የረባ መልስ አልሰጠሁትም። «እኔ የማውቀው ካርድ የትምህርት ቤቱን ነው፤ የዘጠነኛና የአስረኛ ክፍል ካርድህን ይዘህ እሁድ ጠብቀኝ» ብዬው ሄድኩ። ቤት ገብቼ ምሳ ስበላ ግን የማስበው ስለ እሱ ሳይሆን ስለ ራሴ ሆነ። ለእሱና ለእናንተ የምጽፈውም ከዚያ የመጣ ነው።

እኔም አዳሪ ነበርኩ፤ በዚሁ በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ ጠዋት ጠዋት ወጨጫ ተራራ ከጉም ውስጥ ብቅ ሲል በሚታይበት በኩል። አባቴ ከደብረ ሲና በታች ገበሬ ነበሩ። ያን ጊዜ ማትሪክ የሚባለው ፈተና ውጤቱ በኤ፣ በቢ፣ በሲ ይመጣና ከአራት ነጥብ ይሰላል። እንግሊዝኛና ሒሳብ ለማንም አይቀሩም፤ በቀሩት ላይ ግን ተማሪው ይመርጣል፤ ፎርም ይሞላል። እኔ የምወደው ጂኦግራፊ ነበር። ፎርሙ የታደለን ዕለት ማታ ከበላዬ የሚተኛው ጓደኛዬ እግሩን አንጠልጥሎ ፊዚክስ ላይ ምልክት አደረገ። እኔም አንገቴን ቀና አድርጌ አየሁና ፊዚክስ ላይ አደረግኩ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። «ጂኦግራፊ የሰነፍ ነው» የሚባል ነገር ነበር ዶርማችን ውስጥ፤ ማን እንደጀመረው እስከ ዛሬ አላውቅም።

ከቤቱ ተመላልሶ የሚማር ልጅ ማታ ወደ እናቱ ይገባል፤ የጓደኞቹ ወሬ ውጭ ይቀራል። አዳሪ ግን ከዚያው ወሬ ጋር ይበላል፣ ይታጠባል፣ ይተኛል። እዚያ ውስጥ ስትኖር የዶርሙ ሐሳብ የራስህ ይመስልሃል፤ ማንም ሳያስገድድህ ትስማማለህ። እኔን ማንም አላስገደደኝም፤ የሚቆጨኝም እሱ ነው።

ፊዚክሱ አልገባኝም። የማታ ጥናት ከአንድ ሰዓት እስከ ሦስት ሰዓት ነበር፤ ሦስት ተኩል ላይ መብራት ይጠፋል። ሌሎቹ በሁለት ሰዓት የሚጨርሱትን እኔ በአራትም አልጨርሰውም። ስለዚህ ሻማ ገዛሁ። መኝታ ቤት ውስጥ ሻማ ማብራት ክልክል እንደሆነ ከበሩ ጀርባ በተለጠፈው ደንብ ላይ ሰፍሯል። ደንቡ ሥር አሸዋ የያዘ ቀይ ባልዲ ይቀመጣል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ተረኛው ቆሻሻውን ለቅሞ የጎደለውን መሙላት አለበት። ባልዲው መሳቂያችን ነበር። የብርቱካን ልጣጭ እንጥልበታለን፣ ያለቀ እስክሪብቶ እንሰካበታለን። በዚያ ሳምንት ተረኛው እኔ ነበርኩ። ቅዳሜ ከሌላ ዶርም ጋር ግጥሚያ ነበረን፤ ባልዲውን ዞር ብዬም አላየሁት።

ማክሰኞ ሌሊት ሻማዬን የብረት ሳጥኔ ላይ አቁሜ፣ ብርድ ልብሴን ከላይኛው አልጋ እንደ ድንኳን አንጠልጥዬ ስለ ሞመንተም ሳነብ እንቅልፍ ጣለኝ። የነቃሁት በጩኸት ነው። የተቃጠለ ሱፍ ፀጉር ፀጉር ይሸታል፤ ያ ሽታ ዛሬም በግ ሲለበለብ ይመጣብኛል። አንዱ ባልዲውን አንስቶ ደፋው፤ የወጣው ሁለት እፍኝ የማይሞላ አሸዋና ደረቅ የብርቱካን ልጣጭ ነበር። በመጨረሻ ፍራሽ ጭነን አፈንነው። እግዜር ይመስገን ሰው አልተጎዳም። የተቃጠለው የእኔ ብርድ ልብስና ጎኔ የሚተኛው ልጅ ደብተሮች ናቸው።

ወላጅ አምጣ ተባልኩ። አባቴ ደብዳቤው ደርሷቸው እስኪመጡ ዘጠኝ ቀን ፈጀ። አውቶቡስ ተራ አድረው፣ በአንበሳ አውቶቡስ እስከ አስኮ፣ ከዚያ በእግራቸው መጡ፤ በትከሻቸው አንድ ከረጢት ዳቦ ቆሎ አንግተዋል። ዳይሬክተሩ ሲያስረዷቸው ተቀመጡ ቢባሉም አልተቀመጡም፤ ጋቢያቸውን አደግድገው ቆመው ሰሙ። ከዚያ ደብተሩ የተቃጠለበትን ልጅ አስጠሩና እግሩ ሥር ጎንበስ ሊሉ ሲሉ ልጁ ደንግጦ በሁለት እጁ ያዛቸው። እኔን ምንም አላሉኝም። ዳቦ ቆሎውን ግን ከነከረጢቱ ለእሱ ሰጡት።

ቅጣቴ ደብተሮቹን ከሌላ ክፍል ተማሪ እየተዋስኩ በእጄ ገልብጬ መተካት ሆነ። ከተቃጠሉት አንዱ የጂኦግራፊ ነበር። ሁለት ሳምንት ሙሉ ገለበጥኩ። አዋሽ ከጊንጪ አካባቢ ተነስቶ፣ ያን ሁሉ አገር አቋርጦ፣ ባሕር ሳይደርስ አቤ ሐይቅ ላይ እንደሚቀር ጻፍኩ። በአንድ ለሃምሳ ሺህ ካርታ ላይ አንድ ሴንቲ ሜትር መሬት ላይ አምስት መቶ ሜትር እንደሆነ፣ ኮንቱር የሚባሉት የከፍታ መሥመሮች ሲጠጋጉ ገደል፣ ሲራራቁ ሜዳ መሆኑን ጻፍኩ። በተዋስኩት ደብተር ላይ ያለውን ሥዕል አስመስዬ ለመሣል ስል የቁርስ ደወል ያልሰማሁበት ቀን አለ። ለቅጣት የተቀመጥኩበት ወንበር ላይ ነበር በዚያ ዓመት ሳልታገል የተማርኩት። ፎርሙ ግን አንዴ ሄዷል። 1975 ዓ.ም. ማትሪክ ወስጄ ፊዚክስ ዲ አመጣሁ፤ ድምሩ ለዲግሪ አላበቃኝም። ቅየሳ በዲፕሎማ ገባሁ። ዲግሪውን ያገኘሁት በማታ ትምህርት፣ ሁለት ልጅ ወልጄ፣ አርባ ዓመት ሲሞላኝ ነው።

ፊዚክስን እየሰደብኩ እንዳይመስላችሁ። ሥራ ከያዝኩ በኋላ አፋር በረሃ በቀትር ቴዎዶላይት የሚባለውን የቅየሳ መነጽር ተክዬ፣ ከመሬት የሚነሳው ትኩስ አየር ዒላማዬን እንደ እስክስታ ወራጅ ሲያንቀጠቅጠው፣ የብርሃን ስብረት የሚሉት ነገር ምን እንደሆነ በአንድ ቀን ገባኝ። በራሴ በር ስገባ ፊዚክሱም እዚያው ቤት ውስጥ ተቀምጦ አገኘሁት።

የእናንተ ምርጫ ከእኛው የጠበቀ ነው። እኛ አንድ ትምህርት ብናበላሽ በሌላው ለማካካስ እንሞክር ነበር፤ እናንተ አስራ አንደኛ ክፍል ላይ የምትይዙት መሥመር ነው። እንግሊዝኛ፣ ሒሳብና አፕቲትዩድ የሚባለው የማገናዘብ ችሎታ ፈተና ሁለቱም ጋ አሉ። ከዚያ ወዲያ ናቹራሉ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂ ይፈተናል፤ ሶሻሉ ጂኦግራፊ፣ ታሪክ፣ ኢኮኖሚክስ። ሶሻል ይዞ ሕክምና ወይም ምሕንድስና እገባለሁ ማለት አይቻልም፤ ይህን አውቆ መተው ሌላ ነው፣ ሳያውቁ መተው ሌላ። ሒሳብ ለመሸሽ ሶሻል የምትገቡ ደግሞ በከንቱ አትድከሙ። ሒሳቡ ማትሪክ ላይ ይጠብቃችኋል፤ አልፋችሁት አካውንቲንግና ኢኮኖሚክስ ስትገቡ ቀድሟችሁ ደርሶ ታገኙታላችሁ።

የአስራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት ምን እንደሚመስል ሰምታችኋል። በ2014 ዓ.ም. ፈተና ሃምሳ በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው ከመቶ ተፈታኝ 3.3 ነበር፤ በ2015 ዓ.ም. 3.2፤ በ2016 ዓ.ም. 5.4። የቀረው ወይ ሪሚዲያል የሚባለውን የማካካሻ ትምህርት ይገባል ወይ ሌላ መንገድ ይፈልጋል። ይህ ሁሉ ልጅ ሰነፍ ስለሆነ ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ አልልም። ላቦራቶሪው ተቆልፎ ኬሚስትሪ በጠመኔ ብቻ የተማረ ልጅ ብዙ ነው። ብቻ እንዲህ ባለ ወንፊት ላይ የሰው ምርጫ ተሸክሞ መውጣት ይከብዳል፤ የራስም ከብዷል።

ካርዳችሁን አውጡና እዩት። ግን ትልቁን ቁጥር ብቻ አትዩ፤ ቁጥር የመምህሩም እጅ አለበት፣ አንዱ ቸር ነው አንዱ ቆጣሪ። የትኛው ደብተራችሁ ነው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የተጻፈው? በማታ ጥናት ጓደኛ «እስቲ አስረዳኝ» ብሎ የሚመጣባችሁ በየትኛው ነው? እንደገና ደግሞ ያለፉ ዓመታት የፈተና ወረቀት ፈልጋችሁ፣ አንድ ቅዳሜ አንዱን ከናቹራል፣ አንዱን ከሶሻል ሰዓት ይዛችሁ ሥሩ። ውጤቱን ተዉት፤ ሰዓቱ ሳይታወቃችሁ ያለቀው የቱ እንደሆነ ልብ በሉ። ይህን ብቻችሁን አድርጉት፤ ከበላያችሁ ያለው አልጋ ምን እንደሞላ ሳታዩ።

አባት ናቹራል ካሉ? አባት የሚሉት የሚያውቁትን ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በሰፈሩ ያዩት የተሳካለት ሰው ሐኪም ስለሆነ ነው። ከአባት ጋር በቃል አትከራከሩ፤ ካርዱን ይዛችሁ፣ አጎትም አክስትም አስቀምጣችሁ ተነጋገሩ። እኔ ለሦስት የእህቴ ልጆች እንዲህ ያለ ሽምግልና ተቀምጫለሁ፤ በሁለቱ ተሳክቶልኛል።

ደንብን በተመለከተ ብዙ ሰው የሚላችሁን አልደግምም፤ ጠዋትና ማታ ይነገራችኋል። አንድ ነገር ብቻ፦ እኔ ሻማውን ያበራሁት ባለጌ ሆኜ አልነበረም። የማልችለውን ተሸክሜ ሌሊቱን ልሰርቅ ነው የሞከርኩት። በዶርማችሁ ውስጥ ደንብ የሚጥስ ጓደኛ ካላችሁ አንዳንዴ ቀን ላይ ምን እንደከበደው ጠይቁት።

አሁን ደግሞ ከ2014ቱ ፈተና ወዲህ ብዙው የአስራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ የሚፈተነው ዩኒቨርሲቲ ገብቶ፣ እዚያው አድሮ ሆኗል፤ ናቹራልና ሶሻል በተለያየ ዙር፣ ስልክ ሳይያዝ። ለእነዚያ ቀናት ከተፈታኙ ብዙው አዳሪ ይሆናል ማለት ነው። የጎረቤቴ ልጅ ጎበዝ ነበረች፤ ከእናቷ ቤት ወጥታ አድራ አታውቅም። የመጀመሪያዋን ሌሊት በማታውቃቸው ልጆች መሃል ዓይኗን ሳትከድን አነጋችና በማግስቱ እንግሊዝኛ ወረቀት ላይ አንቀላፋች። እናንተ በደወል መነሣት፣ ለምግብ መሰለፍ፣ ሰው እያንኮራፋ መተኛት ታውቃላችሁ። ያለ ስልክ መዋልንም፣ ያ መቶ ብር አሾላኪው ሲቀር፣ ታውቃላችሁ።

ደንብ ሁሉ ልክ ነው አላልኩም። በእኛ ጊዜ ሌሊት የታመመ ተማሪ የጠዋቱ ሰልፍ ሳይጠራ ክሊኒክ መሄድ አይችልም ነበር። አንዱ ልጅ ሌሊቱን በሆድ ቁርጠት ሲንፈራገጥ አድሮ ጠዋት በሁለት ሰው ተደግፎ ሰልፍ ላይ ቆመ። ያን ዕለት አጥር መዝለል የሚቀናቸው ልጆች ድንጋይ እንወርውር አሉ። የዶርማችን ተጠሪ፣ ዝምተኛ ልጅ ነው፣ ከደብተሩ ሁለት ገጽ ቀደደና የሆነውን በቀንና በሰዓት ጽፎ ሃያ ስድስታችንንም በየስማችን አስፈረመን። እጄ እየተንቀጠቀጠ ፈረምኩ። ወር ሳይሞላ ደንቡ ተቀየረ፤ ሌሊት የታመመ በተረኛው በኩል እንዲሄድ ተፈቀደ። የወረወረ ሰው ስም የለውም፤ የፈረመ ግን አለው፤ ዳይሬክተሩም ያስጨነቃቸው ያ ይመስለኛል።

ትናንት እሁድ ነበር። ልጁ ካርዶቹን በፕላስቲክ ጠቅልሎ አጥሩ ጋ ቆሞ አገኘሁት። እንደ እኔ ጉዳይ ግልጽ ይሆናል ብዬ ነበር፤ አልሆነም። ባዮሎጂ 91፣ ታሪክ 90፤ ኬሚስትሪ 74፣ ጂኦግራፊ 76። መነጽሬን አድርጌ ሁለቴ አነበብኩት። «የትኛውን ደብተር ነው የጨረስከው?» አልኩት። ወደ ሰማይ አየ፣ ወደ ሜዳው አየ። «የታሪኩን ጨርሻለሁ... የባዮሎጂውን ሥዕሎቹን ብቻ ነው የሠራሁት፤ ሥዕሎቹን ግን ሁሉንም።» ስለ ሥዕሎቹ ልጠይቀው አፌን ስከፍት ደወሉ ተደወለ። ከነቱታው ወደ መመገቢያው ሮጠ።

ካርዶቹ እኔ እጅ ቀሩ። አጥር ላይ አንጠልጥዬ አልሄድም። ነገ በዋናው በር ገብቼ፣ ለጥበቃው ስሜን አስመዝግቤ፣ ልጁ የት እንደሚገኝ እጠይቃለሁ፤ የባዮሎጂ ደብተሩንም ይዞ እንዲመጣ እልክበታለሁ።