ሌላ ትምህርት ጀምሮ ወደ ሕክምና መዞር በአሜሪካ፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄዎቹ አሜሪካ ውስጥ ሌላ ትምህርት ጀምረው ሐሳባቸው ወደ ሕክምና ካዘነበለ ተማሪዎችና ከቤተሰቦቻቸው የመጡ ናቸው። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌያለሁ። ዓመቶቹና ወሮቹ የፈረንጆች ናቸው።

ጥያቄ፦ ሲቪል ኢንጂነሪንግ ሁለተኛ ዓመት ነኝ። ወደ ሕክምና ትራንስፈር ለማድረግ የማናግረው ማንን ነው?

መልስ፦ ማንንም። እዚህ አገር ሕክምና ትራንስፈር የሚጠየቅበት ዲፓርትመንት አይደለም፤ መጀመሪያ ባችለር ይያዛል፣ ከዚያ አዲስ አመልክቶ የ4 ዓመት ትምህርት ቤት ይገባል። ባችለሩ በምንም ቢሆን ችግር የለውም። የሚፈለጉት ኮርሶቹ ናቸው፦ ባዮሎጂ፣ ጄኔራል ኬሚስትሪ፣ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪና ፊዚክስ እያንዳንዳቸው አንድ ዓመት ከነላብ (ላቦራቶሪ) ክፍላቸው፣ አንድ ሴሚስተር ባዮኬሚስትሪ፣ እንግሊዝኛ፣ ብዙ ቦታ ደግሞ ስታቲስቲክስ። ዝርዝሩ ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ስለሚለያይ የምታመለክትባቸውን አንድ በአንድ እይ። ሳይኮሎጂና ሶሲዮሎጂ ብዙ ቦታ ባይጠየቁም ኤምካት በሚባለው የሕክምና ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና ላይ ስላሉ አንድ አንድ ሴሚስተር አይከፋም።

የአንተ ፊዚክስና ሒሳብ ይያዝልሃል። ኢንጂነሪንጉን ለመተው በቂ የምለው ምክንያት አንድ ነው፦ ውጤትህን ወደ ታች እየጎተተው ከሆነ። «ሜጀሩ ከባድ ስለሆነ ዝቅ ያለ ጂፒኤ ይታለፍልኛል» የሚለው ተስፋ ብዙ ሰው ጎድቷል።

ጥያቄ፦ የቀሩኝን ኮርሶች በአንድ ዓመት ጠቅልዬ ብጨርስስ?

መልስ፦ በአንድ ዓመት አይሆንም። የሚያስቸግረው የኮርሱ ብዛት ሳይሆን የኬሚስትሪው ሰልፍ ነው። ጄኔራል 1 ሳያልፍ ጄኔራል 2 የሚያስመዘግብ የለም፤ ቀጥሎ ኦርጋኒክ 1፣ ኦርጋኒክ 2፣ ከዚያ ባዮኬሚስትሪ። ባዮሎጂና ፊዚክስ ጎን ለጎን ይሄዳሉ፤ ኬሚስትሪ ግን ተራውን ይጠብቃል።

በፎል 2026 ጄኔራል 1 የሚጀምር ሰው በስፕሪንግ 2027 ጄኔራል 2፣ በፎል ኦርጋኒክ 1፣ በስፕሪንግ 2028 ኦርጋኒክ 2 ይወስዳል። ዩኒቨርሲቲው ባዮኬሚስትሪን ከኦርጋኒክ 2 ጋር አብሮ መውሰድ ከፈቀደ በሜይ መጨረሻ ኤምካት ተፈትኖ በጁን 2028 ያመለክታል፤ ክፍል የሚገባው በሰመር 2029 ነው። ካልፈቀደ ባዮኬሚስትሪው ወደ ፎል ይገፋና ማመልከቻው በአንድ ዓመት ይዘገያል። ስለዚህ ዛሬውኑ የዩኒቨርሲቲህን ካታሎግ ክፈትና የባዮኬሚስትሪ ቅድመ ሁኔታ ኦርጋኒክ 1 ይሁን ኦርጋኒክ 2 እይ። አንድ መስመር ናት፣ ዓመት ትወስናለች።

ጄኔራል ኬሚስትሪን በሰመር ጨርሶ ሰልፉን ማሳጠር ይቻላል። ኦርጋኒክን በሰመር ግን ሥራ እየሠሩ አትሞክሩት፤ የሴሚስተሩ ይዘት በጥቂት ሳምንታት ስለሚታጨቅ አንድ ሳምንት የተዘናጋ አይደርስበትም።

ጥያቄ፦ ካልኩለስ ኤፍ አግኝቼ ደግሜ ኤ አመጣሁ። ዩኒቨርሲቲው ኤፉን አውጥቶልኝ በ56 ክሬዲት ጂፒኤዬ 2.79 ነው። ተስፋ አለኝ?

መልስ፦ ዩኒቨርሲቲህ ቢያወጣውም አምካስ፣ ማለትም የኤምዲ (የተለመደው የሐኪም ዲግሪ) ትምህርት ቤቶች የጋራ ማመልከቻ፣ መልሶ ያስገባዋል። ኮርሱ 4 ክሬዲት ከሆነ 156 ነጥብህ ለ60 ይካፈላል፤ እውነተኛው ቁጥርህ 2.6 ነው። የኦስቲዮፓቲክ፣ ማለትም የዲኦ (ሌላው የሐኪም ዲግሪ) ትምህርት ቤቶችም የተደገመን ውጤት መተካት በ2017 አቁመዋል።

ከዚህ በኋላ 60 ክሬዲት በ3.9 ብትጨርስ 234 ነጥብ ይጨመራል፣ በድምሩ 390 ለ120፣ 3.25። ከምረቃ በኋላ 30 ክሬዲት ሳይንስ በሙሉ ኤ ብትጨምር 3.4። ወደ ኤምዲ ትምህርት ቤት የሚገቡ ተማሪዎች አማካይ 3.8 አካባቢ ነው። ሩቅ ነው፣ ዝግ ግን አይደለም፤ የመጨረሻዎቹን ዓመታት ለይተው የሚያዩ ትምህርት ቤቶች አሉ፣ ዲኦዎችም አሉ።

አሁን የሚጎዳህ መቸኮል ነው። በአንድ ሴሚስተር ላብ ያላቸው ሳይንሶች ከሁለት አይብለጡ። ነገሩ ሲበላሽ ከታየህ ቀነ ገደቡ ሳያልፍ ከኮርሱ ውጣ፤ አንድ ደብልዩ (ኮርስ የማቋረጥ ምልክት) ማንንም አያስደነግጥም። ቅድመ ሁኔታ ኮርስ ላይ ሲ ማይነስ ብዙ ቦታ እንዳልተወሰደ ይቆጠራል። አምካስ የባዮሎጂ፣ የኬሚስትሪ፣ የፊዚክስና የሒሳብ ውጤትን ለብቻው እንደሚያሰላም አትርሳ።

ጥያቄ፦ ነርሲንግ ላይ ነኝ። የወሰድኩት ኬሚስትሪ ይበቃል?

መልስ፦ «ኬሚስትሪ ለጤና ሙያ» ዓይነት የአንድ ሴሚስተር ኮርስ ከሆነ አይበቃም፤ ለሳይንስ ሜጀሮች የሚሰጠውን ከጄኔራል 1 ትጀምሪያለሽ። አናቶሚና ፊዚዮሎጂ ይጠቅሙሻል፣ የጄኔራል ባዮሎጂን ቦታ ግን አይሸፍኑም። የነርሲንግ ኮርሶችሽም በሳይንስ ጂፒኤ ውስጥ አይገቡም። ቢሆንም ነርሲንጉን አትተዪ እላለሁ። የክሊኒካል ሰዓቱ ከላብ ጋር ስለሚጋጭ አብሮ ለማስኬድ ከመታገል፣ ተመርቀሽ እየሠራሽ ሳይንሶቹን መውሰድ ይሻላል።

ጥያቄ፦ ልጄ በአካውንቲንግ ተመርቃ ሥራ ይዛለች። አሁን ሐኪም እሆናለሁ ትላለች። እንደገና ዲግሪ ትጀምር?

መልስ፦ አያስፈልጋትም፣ እናቴ። ዲግሪ አላት፤ የጎደሏት ሳይንሶቹ ብቻ ናቸው። ለዚህ ፖስት-ባክ የሚባል ፕሮግራም አለ፣ ሙያ ለሚቀይሩ ተብሎ የተዘጋጀ። ፕሮግራም ሳይገቡ በአቅራቢያ ባለ ዩኒቨርሲቲ ዲግሪ የማይጠይቅ ተማሪ ሆኖ መመዝገብም ይቻላል፤ ርካሽ ነው፣ ግን ምዝገባ ሲከፈት ተራዋ መጨረሻ ስለሚሆን ላቦቹ ይሞሉባታል። ሥራዋን ከመልቀቋ በፊት አንድ ኬሚስትሪ በማታ ትሞክር።

ጥያቄ፦ ኮሚኒቲ ኮሌጅ ብወስድስ?

መልስ፦ ብዙዎቹ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ይቀበላሉ። ከዚያ በኋላ ግን ባዮኬሚስትሪንና ሁለት ሦስት ከፍ ያሉ የባዮሎጂ ኮርሶችን የ4 ዓመት ዩኒቨርሲቲ ውሰድ፣ ኤው እዚያም እንደሚመጣ ይታይልህ።

ጥያቄ፦ ኢትዮጵያ በፋርማሲ ተመርቄ ግሪን ካርድ ይዤ መጣሁ። ዲግሪዬ ይታሰብልኛል?

መልስ፦ አምካስ የውጭ አገር ትምህርትን አያረጋግጥም፣ ጂፒኤ ውስጥም አያስገባም። አሜሪካ ወይም ካናዳ ካልተማርክ የሚታይ ውጤት የለህም ማለት ነው። ብዙ ትምህርት ቤቶች ቅድመ ሁኔታዎቹ እዚህ እንዲወሰዱ ይጠይቃሉ፣ አንዳንዶች ባችለሩንም ከዚሁ ይፈልጋሉ። ከመመዝገብህ በፊት ቢያንስ ለአምስት ትምህርት ቤት ቅበላ ክፍል «ባችለሬ የውጭ ነው፤ እዚህ ስንት ክሬዲት ያስፈልገኛል?» ብለህ በኢሜይል ጠይቅ፣ መልሱን አስቀምጥ። ፋርማሲ ላይ የተማርከውን ኦርጋኒክ ልትደግመው ነው፤ ያናድዳል፣ ግን ጥሩ ውጤት የምታገኝበት ኮርስም እሱ ነው።

ፔል ግራንት (የማይመለስ የፌዴራል የትምህርት ድጋፍ) ባችለር ላለው አይሰጥም፣ የውጭ ባችለርም ይቆጠራል። የፌዴራል ድጋፍ ማመልከቻው ፋፍሳ ላይ «ባችለር የለኝም» ብለው የሚሞሉ አሉ፤ በኋላ ገንዘቡን ያስመልሳል።

ጥያቄ፦ በኤፍ-1 (የተማሪ) ቪዛ ነኝ።

መልስ፦ ኤፍ-1 የሚቀበሉ የኤምዲ ትምህርት ቤቶች ጥቂት ናቸው። ከነዚያም አንዳንዶቹ የዓመታቱ ክፍያ አስቀድሞ በዝግ ሒሳብ እንዲቀመጥ ይጠይቃሉ፤ የፌዴራል ብድርም የለም። የሚቀበሉትን ትምህርት ቤቶች ዝርዝር ካየህ በኋላ እንጂ ኮርስ ከወሰድክ በኋላ አትወስን።

ጥያቄ፦ ኤምካትን «ለልምምድ» አንድ ጊዜ ብፈተነውስ?

መልስ፦ በፍጹም። በአንድ ዓመት 3፣ በሁለት ተከታታይ ዓመት 4፣ በዕድሜ ልክ 7 ጊዜ ብቻ ይፈቀዳል፤ ተመዝግቦ መቅረትም፣ ውጤት ማሰረዝም ይቆጠራል። ትምህርት ቤቶች ሁሉንም ውጤት ያያሉ። ነጥቡ ከ472 እስከ 528 ነው፤ የሚገቡት አማካይ 512 ገደማ። እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው የሆኑ ተፈታኞች የሚወድቁበት ካርስ የሚባለው የንባብ ክፍል ነው፦ በ90 ደቂቃ 53 ጥያቄ ከዘጠኝ ምንባብ። ሳይንሱ በሦስት ወር ይከለሳል፣ ካርስ ግን ከዚያ በፊት የተጀመረ ንባብ ይፈልጋል፤ ፍልስፍና፣ ታሪክ፣ የሥነ ጥበብ ሒስ በየቀኑ።

ጥያቄ፦ የሆስፒታል ልምድ ከየት ይመጣል?

መልስ፦ ሐኪም ተከትሎ ማየት፣ የሐኪም ጸሐፊነት፣ ነርስ ረዳትነት፣ አምቡላንስ። አማርኛና እንግሊዝኛ አጣርቶ የሚያውቅ ሰው ደግሞ የሕክምና አስተርጓሚ ሊሆን ይችላል፤ የተለመደው ሥልጠና 40 ሰዓት ነው። ሐኪሙ ክፉ ዜና ሲናገር በመካከል መቀመጥ ማለት ነው፣ ለኢንተርቪውም ከዚህ የበለጠ የሚነገር ነገር አይገኝም። ለዘመድ ማስተርጎም ግን እንደ ሥራ አይጻፍም።

ጥያቄ፦ ማመልከቻው ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ምን ላይ ነው?

መልስ፦ ትራንስክሪፕት ላይ። የረገጥከው ኮሌጅ ሁሉ ይጠየቃል፤ ሃይስኩል እያለህ የወሰድከው የኮሌጅ ኮርስም፣ ጀምረህ የተውከውም። አንዱ ካልደረሰ ፋይልህ ይቆማል፣ ማጣራቱ በጁላይ ሳምንታት ስለሚወስድ ቦታዎች እየሞሉ ትጠብቃለህ። ቀጥሎ የድጋፍ ደብዳቤ ነው፦ ብዙ ቦታ ሁለት የሳይንስ መምህራን ይፈለጋሉ። ሦስት መቶ ተማሪ ያለበት ክፍል ጀርባ ላይ የተቀመጠ ሰው ማን ይጽፍለታል? ከመጀመሪያው ሴሚስተር ጀምሮ ቢሮ ሰዓት ግቡ።

ጥያቄ፦ ክፍያውስ?

መልስ፦ ገቢያችሁ ዝቅተኛ ከሆነ ኤምካትንና አምካስን የሚያስተዳድረውን ማኅበር፣ የኤኤኤምሲን የክፍያ ድጋፍ ኤምካት ከመመዝገባችሁ በፊት ጠይቁ፤ የተከፈለ አይመለስም። ድጋፉ የፈተናውን ዋጋ ይቀንሳል፣ የማመልከቻውን ክፍያ ይሸፍናል። ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ አዲስ ተበዳሪ የሕክምና ተማሪ ከፌዴራል መንግሥት የሚያገኘው ብድር በዓመት 50,000፣ በድምሩ 200,000 ዶላር ላይ ይቆማል። የትምህርት ቤቱ ዋጋ ከዚያ በላይ ከሆነ ልዩነቱ ከየት እንደሚመጣ አስቀድማችሁ አስሉ። የራሳችሁ ስቴት የመንግሥት ትምህርት ቤት ይቅደም።

ጥያቄ፦ ካሪቢያን ያለ ትምህርት ቤት ኤምካት ሳልፈተን ሊቀበለኝ ነው። ልሂድ?

መልስ፦ መግባቱ ቀላል ነው፣ ጣጣው ሪዚደንሲ፣ ማለትም ከምረቃ በኋላ ያለው የሆስፒታል ሥልጠና ላይ ነው። እዚህ ከኤምዲም ከዲኦም የሚመረቁት ከ90 በመቶ በላይ ምደባ ያገኛሉ፤ ውጭ ከተማሩ አሜሪካውያን ግን ሁለት ሦስተኛው ገደማ። ያም ቢሆን እስከ መጨረሻው የዘለቁት ብቻ ተቆጥረው ነው። ዲኦ ከ2020 ጀምሮ ከኤምዲ ጋር በአንድ የሪዚደንሲ ሥርዓት ውስጥ ስላለ መጀመሪያ እሱን ሞክሪ። የካሪቢያኑን ትምህርት ቤት ደግሞ ስንት ተማሪ በመጀመሪያ ዓመት እንደተቀበለና ከዚያው ዙር ስንቱ በአራት ዓመት እንደተመረቀ በጽሑፍ ጠይቂው። የምደባ መቶኛ ብቻ ከላኩልሽ ጥያቄሽን አልመለሱም።